አባጣ ጎርባጣ የሆነውን ግቢ ስለ መደልደል

የቤት ደጅ ወይም የትምህርት ቤት ግቢ አባጣ ጎርባጣ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ሰው ነገሩን አቃልሎ ያየዋል። እንግዳ ቢሰናከል «ዐይኑን ገልጦ ይራመድ» ይባላል፤ ሕፃን ቢወድቅም «ሳይወድቅ ያደገ የለም» ይባላል። ነገር ግን ጉዳቱ በእግር መሰናከል የሚያበቃ አይደለም። በጎድጓዳው ስፍራ የዝናም ውኃ ይቋጥራል፤ ከተቋጠረውም ውኃ ትንኝ ይፈላል። በጉብታው ስፍራ ደግሞ አፈሩ እየታጠበ የሣሩ ሥር ተራቁቶ ይደርቃል። ከጉብታው የወረደውም ውኃ መውጫ ካጣ ወደ ቤቱ ግድግዳ ተመልሶ ቋሚውንና ምርጊቱን ያበሰብሳል። ስለዚህ ግቢን መደልደል ለጌጥ ብቻ የሚሠራ ሥራ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ትልቅ ሐይቅ አትሻም። ፀሐይ የሚያገኘውና ጥልቀት የሌለው ውኃ ይበቃታል፤ በክረምት የከብት ኮቴ በጭቃ ላይ የተወው ቀዳዳ እንኳ ቢሆን። እንቁላሏን በውኃው ላይ ከጣለች በኋላ፥ አገሩ ሞቃት እንደ ሆነ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዕጩ ተለውጦ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። በቆላና በወይና ደጋ አገር ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፥ ወባ የሚበረታውም ስለዚህ ነው። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በደረሰው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ለዚያ መከራ ዋናው ምክንያት የዝናሙና የሙቀቱ ከልክ ማለፍ ነበር፤ የሰማዩን ዝናም ሰው ሊከለክለው አይችልም። በገዛ ደጁ የተኛውን ውኃ ማፍሰስ ግን ይችላል።

እንግዲህ መደልደል ማለት ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል። ብዙዎች መሬቱን እንደ ምጣድ ገጽ ዝርግ ማድረግ ይመስላቸዋል። ፍጹም ዝርግ በሆነ መሬት ላይ ግን ውኃ መሄጃ አጥቶ ይተኛል። ጥሩ ድልድል የሚባለው ጉብታና ጉድጓድ የሌለበት፥ ነገር ግን ከቤቱ ወደ ውጭ ለዐይን በማይታወቅ ልክ ያዘቀዘቀ መሬት ነው። ለሣር ሜዳ በየአንድ ሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ዝቅ ቢል ይበቃል፤ በግድግዳው አጠገብ ግን በመጀመሪያው 2 ሜትር ውስጥ በየሜትሩ 5 ሳንቲሜትር ያህል ቢያዘቀዝቅ ይሻላል። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ተራራው ዝቅ ማለትና ስለ ሸለቆው ከፍ ማለት የተናገረውን በደብር የተማረ ሽማግሌ ሁሉ ያስታውሰዋል። ያ ቃል ለጌታ መንገድ የተነገረ ነው፤ ለዝናም ውኃ ግን ጥቂት ተዳፋት መተው ግድ ነው።

ዶማ ከመያዝ በፊት የጉብታውንና የጉድጓዱን ምክንያት መመርመር ይገባል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የተሞላ ጉድጓድ በሚመጣው ክረምት ተመልሶ ይጎደጉዳልና። በዚህ ነገር የመጀመሪያው መሣሪያ የሽማግሌ ትዝታ ነው። ስፍራው ትምህርት ቤት ሳይሠራበት በፊት ምን ነበረ? በረት ነበረን? የእህል ጉድጓድ ተቆፍሮበት ነበርን? የመቃብር ስፍራስ እንደ ሆነ? መምህሩ ይህን ሁሉ የመንደሩን አዛውንት ጠርቶ በግቢው ውስጥ እያዘዋወረ ይጠይቅ፤ የነገሩትንም በወረቀት ላይ በሥዕል ያኑር። መቃብር ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ የሟቹ ወገኖችና የሃይማኖቱ አባቶች ሳይፈቅዱ ዶማ አይግባበት።

ከጉድጓድ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው የቀድሞ መጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ነው። የተሸፈነበት ርብራብ ከበሰበሰ በኋላ በላዩ ሣር ስለሚበቅልበት ደኅና መሬት ይመስላል፤ ሲረገጥ ግን ይደረመሳል፤ የገባበትም ሕፃን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሞታል። መሬቱ በክብ ቅርጽ ሰጥሞ ወይም በአንድ ስፍራ ብቻ ሣሩ ከሌላው ይልቅ ጠቁሮና ለምልሞ የታየ እንደ ሆነ፥ ማንም ሳይቆምበት ከሩቅ በረጅም እንጨት እየወጉ መመርመር ይገባል። ባዶነቱ ከታወቀ ዙሪያው ወዲያው ይታጠር። ከዚያም ዐዋቂዎች ከዳር ቆመው ርብራቡን ሰብረው በድንጋይና በአፈር ይሙሉት። ከተሞላ በኋላም ለጥቂት ዓመታት እየሰጠመ ስለሚሄድ የልጆች መጫወቻ ሊሆን አይገባም።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጦርነት በነበረባቸው በትግራይ፥ በአማራና በአፋር አገሮች፥ እንደዚሁም ጦር በሰፈረበት በማናቸውም ስፍራ፥ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአፈር ውስጥ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ተቀብሮ ይገኛል። ያልታወቀ ብረት በዶማ ጫፍ የተሰማ እንደ ሆነ ሥራው በዚያው ይቁም፤ ብረቱ አይነካ፥ አይነቅነቅ፤ ሕፃናቱ በመጡበት ዱካ ይመለሱ፤ ስፍራው ከሩቅ ምልክት ተደርጎበት ለአካባቢው ሹማምንት ይነገር። ለዚህ ነገር ድፍረት አያስመሰግንም።

የቀሩት ምክንያቶች የዘወትር ናቸው። የቆርቆሮ ጣራ ጠፈጠፍ በአንድ መሥመር ሲወርድ መሬቱን እንደ ቦይ ይቦረቡረዋል፤ ይህ በአፈር ቢሞላ ነገ ይታጠባልና ጠጠር ሊደለደልበት ይገባል። በክረምት ከብት የገባበት ሜዳ ኮቴ እንደ ወጋው ይደርቃል፤ ለዚህ መድኃኒቱ በር መዝጋት ነው። አክርማ የተባለው ሣር በቁጥቋጦ እየበቀለ አፈሩን በሥሩ ሥር ሲሰበስብ ትንንሽ ጉብታ ያበጃል፤ ሴቶች ለስፌት የሚፈልጉት ስለ ሆነ ነቅሎ ከመጣል ይልቅ ወደ አጥሩ ጥግ አዛውሮ መትከል መልካም ነው። ቄጠማ በራሱ ፈቃድ የበቀለበት ስፍራ ደግሞ ከሥሩ ውኃ እንዳለበት ይመሰክራል፤ እንዲህ ያለውን ስፍራ ውኃውን በቦይ ሳያወጡ በአፈር መሙላት ከንቱ ድካም ነው።

ፍልፈል በደጋ አገር አፈሩን ከውስጥ እየገፋ በላይ ይቆልለዋል። ሰው ቁልሉን ብቻ በእግሩ ረግጦ ይሄዳል፤ ከቁልሉ ሥር ያለው መተላለፊያ ግን ባዶውን ቀርቶ ዝናም ሲመታው ይደረመሳልና ጉብታ የነበረው ጉድጓድ ይሆናል። ስለዚህ መተላለፊያውን በዶማ ከፍቶ አፈር እየጨመሩ መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። ፍልፈሉ ያወጣው አፈር ግን የደቀቀና ድንጋይ የሌለበት ስለ ሆነ ሜዳውን ለማልበስ እጅግ የተመቸ ነው። በቆላ አገር የምስጥ ኩይሳ ራሱን ብቻ ቢቆርጡት ምስጡ መልሶ ይሠራዋል፤ ንግሥቲቱ በጥልቅ ትኖራለችና።

ስለ ጥቁር አፈር ግን ረዘም አድርጎ መናገር ይገባል። በአንዳንዱ አገር መረሬ፥ በሌላው ዋልካ የሚባለው ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እጅ የሚያስገባ ሲሆን ጥልቀቱ ከግማሽ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በበጋ የላይኛው አፈር እየተንኮታኮተ ወደ ስንጥቁ ይገባል፤ በክረምት ያ የገባው አፈር ሲያብጥ ቦታ ያጣና ጎረቤቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። እንዲህ እየሆነ ሜዳው ሰውም ከብትም ሳይነካው በየዓመቱ ራሱን ሲያጎብጥና ሲያጎደጉድ ይኖራል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው መሬት 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሆን የአፈር ሊቃውንት ጽፈዋልና በጥቁር አፈር ላይ የተሠሩት ትምህርት ቤቶች ጥቂቶች አይደሉም።

በእንደዚህ ያለ ግቢ አንድ ጊዜ ደልድሎ ለዘለዓለም ማረፍ አይገኝም። ስንጥቁን በድንጋይ መሙላትም አይረዳም፤ አፈሩ ሲያብጥ ድንጋዩን ወደ ላይ ያወጣዋል። የሚሻለው መሬቱን ከመካከል ጥቂት ከፍ፥ ከዳርና ከዳር ዝቅ አድርጎ ውኃውን ወደ ቦይ ማውረድ ነው። ይህም ጥበብ ከሩቅ የመጣ አይደለም። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አገር ገበሬዎች የጥቁሩን መሬት ማሳ በእጃቸው እያፈሱ ሰፋፊ መደብ ሲያበጁለትና በመካከሉ ውኃ መውረጃ ሲተዉለት ኖረዋል። ለስንዴ የበጀው ለሣርም ይበጃል። ሣሩ ሜዳውን ሸፍኖ ከያዘ ፀሐይ አፈሩን ቶሎ ስለማታደርቀው ስንጥቁም ይቀንሳል፤ ሰው የሚመላለስበት መንገድ ግን ጠጠር ሊፈስበት ይገባል።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ መለካት ይከተላል። ዐይን በዚህ ሥራ አይታመንም፤ ከጀርባው ኰረብታ ያለበት ግቢ ወደ ቤቱ ያዘቀዘቀ ሆኖ ሳለ ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ ይመስላልና። ውኃ ልክ የተባለው የግንበኛ መሣሪያ የማይገኝ እንደ ሆነ መምህሩ ከእንጨት ሊሠራ ይችላል። ርዝመታቸው ከ2 ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ሁለት ቀጥ ያሉ እንጨቶች በራሳቸው ተጋጥመው ይታሰሩ፤ እግሮቻቸውም 2 ሜትር ተራርቀው እንዲቆሙ በመካከል አግዳሚ እንጨት ይመታባቸው። ከራሱ ላይ በሲባጎ የታሰረ ድንጋይ እንደ ቱንቢ ይንጠልጠል፤ ሲባጎውም በአግዳሚው ፊት ይውረድ። ልኩን ለማውጣት መሣሪያውን በሁለት ችካሎች ራስ ላይ አቁሞ ሲባጎው አግዳሚውን በነካበት ስፍራ መጫር፤ ከዚያ እግሮቹን አለዋውጦ በዚያው ባሉት ችካሎች ላይ ማቆምና ሁለተኛ መጫር ነው። የሁለቱ ጭረቶች እኩሌታ እውነተኛው መካከል ነው። ሲባጎው በዚያ መካከል በወደቀ ጊዜ ሁለቱ እግሮች በትክክል እኩል ከፍታ ላይ ናቸው።

ተዳፋቱን ለማግኘት ደግሞ ውፍረቱ 4 ሳንቲሜትር የሆነ የእንጨት ቁራጭ ወደ ታች በሚሆነው እግር ሥር ይደረግ። ይህ በ2 ሜትር 4 ሳንቲሜትር፥ ማለት በአንድ ሜትር 2 ሳንቲሜትር ነው። ከግድግዳው አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ችካል ራሱ ከሚፈለገው የመሬት ገጽ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ይተከል። ሁለተኛው በ2 ሜትር ርቀት ይተከልና በመሣሪያው እየተለካ ሲባጎው መካከሉን እስኪመታ ድረስ በመዶሻ ይውረድ። እስከ ውኃ መውጫው ድረስ እንዲሁ ይደረግ፤ በችካሎቹም ራስ ላይ ሲባጎ ይወጠር። ለግድግዳው ቅርብ በሆነው በመጀመሪያው 2 ሜትር ግን ቁራጩ 10 ሳንቲሜትር ይሁን።

እንግዲህ ተማሪዎቹ ከሲባጎው እስከ መሬቱ ያለውን በማስመሪያ ይለኩ። ከ20 ያነሰ ልክ የተገኘበት ጉብታ ነው፤ ከ20 የበለጠበት ጉድጓድ ነው። ለምሳሌ በአምስት ስፍራ ተለክቶ 16፥ 22፥ 25፥ 19 እና 18 ቢገኝ፥ በመጀመሪያው ስፍራ 4፥ በአራተኛው 1፥ በአምስተኛው 2 ሳንቲሜትር ይቆረጣል፤ በሁለተኛው 2፥ በሦስተኛው 5 ይሞላል። የሚቆረጠው 7፥ የሚሞላውም 7 ነውና ግቢው በራሱ አፈር ይበቃዋል። የሚሞላው ከበለጠ ሲባጎውን በሙሉ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ነው። ይህ የመደመርና የመቀነስ ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከሚጻፈው ይልቅ በሕፃኑ ልብ ይቀራል።

አፈር ከውጭ ማምጣት ግድ ከሆነ ብዛቱ አስቀድሞ ይታሰብ። ርዝመቱ 20፥ ወርዱ 15 ሜትር የሆነ ግቢ ስፋቱ 300 ካሬ ሜትር ነው። በላዩ አንድ ሳንቲሜትር ብቻ አፈር ቢለብስ 3 ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል፤ አንዱ ኪዩቢክ ሜትር ደረቅ አፈር 1300 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ጠቅላላው ወደ 3900 ኪሎ ይደርሳል። ሁለት ሰዎች በባሬላ 50 ኪሎ ቢያነሱ 78 ጊዜ መመላለስ አለባቸው። ይህን ሳያስቡ የጀመሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ እኩሌታው ላይ ይተዉታል። አፈሩም ከግቢው ዳር በተቆፈረ አዲስ ጉድጓድ እንዳይመጣ መጠንቀቅ ይገባል። ቤት ሲሠራ ለምርጊት የተቆፈረው ጉድጓድ ሳይሞላ ቀርቶ በየክረምቱ ኩሬ ሲሆን የሚታይበት መንደር ብዙ ነውና፥ አንዱን ጉድጓድ በሌላ ጉድጓድ መሙላት ትንኙን ቤት ማስለወጥ ነው።

ቁፋሮው ሲጀመር መሬቱ እርጥብም ደረቅም ሊሆን አይገባም። አፈሩን በእጅ ጨብጦ ማየት ነው፤ ተጠቅልሎ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ እንደ ሆነ ጊዜው ነው፤ እንደ ሊጥ የሚጣበቅ እንደ ሆነ ይቆይ፤ ጭራሽ የማይጨበጥ ደረቅ እንደ ሆነም ዶማው ሰውን ከማድከም በቀር አይረባም። ክረምት በሚዘንብበት አገር ይህ ልክ በሚያዝያና በግንቦት መካከል፥ ጥቂት ዝናም ከጣለ በኋላ ይገኛል።

ጥልቀቱ ከአንድ ስንዝር በታች ለሆነና ሣር ላለበት ጎድጓዳ ሁለት መንገድ አለ። ጎድጓዳው ከሁለት ጣት ያልበለጠ እንደ ሆነ የተነፋ አፈርና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ተቀላቅሎ በአንድ ጊዜ አንድ ሳንቲሜትር ብቻ ይበተንበት፤ የሣሩ ጫፍ ከአፈሩ በላይ እንዲታይም በመጥረጊያ ይጠረግ። ሣሩ አድጎ ሲያልፈው ሌላ ይደገምለታል። ቸኩሎ ሁሉንም በአንድ ቀን ያፈሰሰበት ሰው ሣሩን ቀበረው ማለት ነው፤ ቅጠሉ ብርሃን ሲያጣ ሥሩም ይሞታል። ከዚህ የጠለቀ እንደ ሆነ ግን ሣሩን ከነሥሩና 5 ሳንቲሜትር ከሚያህል አፈሩ ጋር በአካፋ እየቆረጡ ማንሣትና በጥላ ማኖር ያስፈልጋል። ከሥሩ በየ10 ሳንቲሜትሩ አፈር እየሞሉ ይጠቅጥቁ፤ ሣሩንም በዚያው ቀን መልሰው ውኃ ያጠጡት። አዲስ የተሞላ አፈር ስለሚሰጥም ካሰቡት ልክ ጥቂት ከፍ ማድረግ ይበጃል። ጉብታ ሲቆረጥም ሥርዓቱ ያው ነው፤ ሣሩን አንሥቶ፥ ጥቁሩን የላይኛውን አፈር ለብቻ ቆልሎ፥ የታችኛውን አውጥቶ፥ የላይኛውን ወደ ላይ መመለስ።

ይህን የመጨረሻውን ነገር የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው። የላይኛው አፈር አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ የሣሩ ምግብ ሁሉ ያለው በእርሱ ውስጥ ነው። ጉብታውን ዝም ብሎ ቆርጦ ወደ ጉድጓዱ የጣለ ሰው ለሙን ቀብሮ ጭንጫውን ወደ ላይ አወጣ፤ ሜዳውም ደልዳላ፥ ነገር ግን ራሰ በራ ሆኖ ይቀራል።

ለተራቆተው ስፍራ ከሰርዶ የሚሻል ሣር አይገኝም። ሁለት ሦስት አንጓ ያላቸው ቁራጮች በሰኔ መጀመሪያ ዝናም በአንድ ስንዝር ርቀት ይተከሉ፤ ጫፋቸው ብቻ ይታይ፤ በእግርም ይጠቅጠቁ። ገበሬ ሰርዶን እንደ ጠላት የሚያየው ያለ ምክንያት አይደለምና በሣሩና በጓሮው መካከል ቦይ ይቈፈር። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት የማይኖርበት ጊዜ ስለ ሆነ ሣሩ ከልጆች እግር ያርፋል፤ ከከብት እግር እንዲያርፍ ግን አጥሩ መታደስ አለበት።

ሥራው ለመንደሩ ደቦ የሚሆን ነው። ከባዱን ቁፋሮና ሸክም ጐልማሶች ይያዙ፤ ሕፃናቱ ሲባጎ ይያዙ፥ ድንጋይ ይልቀሙ፥ ልክ ያንብቡ። ውኃው የሚወጣበት ቦይ በማን መሬት እንደሚያልፍም ከመቆፈሩ በፊት ከጎረቤት ጋር በሽማግሌ ፊት ይነጋገሩበት። የግቢውን ጎርፍ ወደ ሰው ጤፍ የለቀቀ ትምህርት ቤት ወዳጅ አያገኝም፤ በእንዲህ ያለ ቦይ የተጀመረ ጠብ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ታይቷል።

በሐምሌ ብርቱ ዝናም በጣለ ማግሥት መምህሩ ወይም ዘበኛው ችካል ይዞ ግቢውን ይዙር። ዝናሙ ካቆመ አንድ ቀን አልፎት ገና ውኃ የያዘ ስፍራ ሁሉ ችካል ይተከልበት፤ ውኃውም በዚያው ጊዜ በዶማ ጫፍ ተከፍቶ ወደ ቦዩ ይፍሰስ። መስከረም ሲጠባና ተማሪዎቹ ሲመለሱ ችካሎቹ ተቈጥረው በየስፍራቸው አፈር ይጨመርላቸው።